የእማዬ መሐላና የቻይናዋ መርፌ

እናቴ በሚካኤል ስም በማለች ሳምንት ሳይሞላት አፏ ተጣመመ። ሰፈሩ ያን ጊዜ ምን እንዳለ አልደብቅም። እኔም፣ ልጇ፣ ያንኑ ነው ያመንኩት።

የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምንኖረው ካራ ነው፤ ያኔ አስፋልቱ አልቆ የጤፍ ማሳው የሚጀምርበት ጫፍ ነበር። አባቴ ኢቲቻ፣ መንገድ ሥራ ላይ ተቀጥሮ ወለጋ ስለነበር ቤት የሚመጣው ለበዓል ብቻ ነው። እናቴ ዲንቄ ከቤታችን ጋር በተያያዘች የቆርቆሮ ሱቅ ሳሙና፣ ጨውና ላምባ ትሸጣለች። ከሱቃችን ጎን የአቶ ወልደሰንበት የአጠና ማከማቻ ነበር። ከእንጦጦ የወረደው የባሕር ዛፍ አጠና ከአጥራችን በላይ ተከምሮ፣ ዝናብ ሲመታው ሽታው ሱቃችን ድረስ ይገባል።

ያ ማከማቻ መስከረም ማብቂያ ላይ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ተቃጠለ።

እኔ ሱቅ ውስጥ ባንኮኒው ላይ ተቀምጬ ነበር። እማዬ ጓዳ ነበረች። በዚያ ሰሞን እንደዚያ ያለ ልማድ አውጥታለች፤ ሊመሻሽ ሲል ሱቁን ለእኔ ትታ ወደ ጓዳ ትገባለች። "ሰው ከመጣ ጥሪኝ፤ አንቺ ግን እንዳትገቢ" ትለኛለች። እኔ የምትጸልይ ይመስለኝ ነበር። ድንገት የአጠናው ክምር መንጣጣት ጀመረ፤ እንደ ቆሎ። ቀና ስል ሰማዩ ቀልቷል። "እሳት!" ብዬ ጮህኩ። እማዬ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች፤ ብቻዋን።

ብቻዋን መውጣቷን ልብ ብያለሁ። ያ ሁሉ ጭንቀቴ የመጣው ከዚያ ነው።

በማግስቱ አቶ ወልደሰንበት "ያቃጠለኝ ቀነኒሳ ነው" አሉ። ኦቦ ቀነኒሳን ካራ ሁሉ ያውቃቸዋል። ቀድሞ ሰፊ እርሻ ነበራቸው፤ ለአጨዳ ደቦ ሲጠሩ በሬ ጥለው ሰፈሩን የሚያበሉ፣ ደጃቸው እንግዳ የማይታጣበት ሰው ነበሩ። መሬታቸው ለቤት መሥሪያ ተወስዶ፣ ሚስታቸውም ሞተው፣ በስተርጅና አቶ ወልደሰንበት ዘንድ አጠና ጫኝ ሆኑ። ወገባቸውን ሲያማቸው ተባረሩ። ሲባረሩ ሰው ሁሉ እየሰማ "የእጅህን ይስጥህ" ብለው ነበር። እሳቱ ሲነሳ ያ ቃል ተመዞ ወጣ።

ነገሩ ፖሊስ ጋ ከመድረሱ በፊት ሽማግሌዎች እንዲያጣሩ ተባለና የእድራችን ዕቃ ቤት በረንዳ ላይ ሰው ተሰበሰበ። የእድሩ ዳኛ አባ ጋሮማ መሐል ተቀመጡ። እኔ የእማዬን ቀሚስ ይዤ ከኋላ ቆሜያለሁ።

"እሳቱ ሲነሳ የት ነበርክ?" አሉ አባ ጋሮማ።

"ቤቴ" አሉ ኦቦ ቀነኒሳ፣ መሬት መሬት እያዩ።

"ማን አየህ?"

ኦቦ ቀነኒሳ የኮታቸውን ቁልፍ መቆለፍ ጀመሩ።

"ይኸው!" አሉ አቶ ወልደሰንበት። "ምን ቀረ?"

የያዝኩት ቀሚስ ከእጄ አመለጠ። እማዬ ሰውን እየገፋች ወደ ፊት ወጥታለች።

"ቤታቸው አልነበሩም፤ እኔ ቤት ነበሩ። 'እሳት' ሲባል ከእኔ ጋር ነበሩ" አለች።

"አንቺ ቤት ምን ይሠራል?" አሉ አቶ ወልደሰንበት።

"እሱን አልናገርም።"

"ባልሽ ወለጋ ነው አይደል?"

ከኋላ የሳቁ ነበሩ። ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም፤ አባቴ ወለጋ መሆኑ እኔን የሚያስለቅሰኝ እንጂ የሚያስቅ አልነበረም። የዚያ ሳቅ ትርጉም የገባኝ ራሴ ሴት ከሆንኩ በኋላ ነው። ያን ቀን እማዬ ምን ያህል ውድ ነገር እንዳስያዘችም ያኔ ነው የገባኝ።

"ትምያለሽ?" አሉ አባ ጋሮማ።

"እምላለሁ። ከዋሸሁ የካ ሚካኤል አፌን ያጣመው!"

በሱቁ በር ማንም አልገባም። እሳት ብዬ ስጮህ የወጣችው ብቻዋን ነው። እናቴ በውሸት መማሏን በዚያ በረንዳ ላይ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ አሰብኩ።

አባ ጋሮማ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና "ምላለች። ለሚቀጥለው የእድር ስብሰባ እናሳድረው" አሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ፊቷን የመታት። ጠዋት ስትጉመጠመጥ ውሃው በአንድ በኩል እየፈሰሰ ደረቷን አራሰው። ደግማ ሞከረች፤ ደግሞ ፈሰሰ። ወደ እኔ ስትዞር ግራ ፊቷ እንደተኛ ሰው ፊት ረግቧል፤ አፏ ወደ ቀኝ ተጎትቷል፤ አንደኛው ዓይኗ አልጨፈን ብሏል። "ፊቴ ምን ሆነ?" ልትል ፈልጋ ፊደሎቹ ከከንፈሯ እንደ ነፋስ ሾለኩ። እኔ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ስሸሽ አየችኝ።

ጎረቤታችን የማርያምወርቅ እየሮጠች መጣች። "ምች ነው፣ ምች ነው" እያለች ዳማከሴ ጨምቃ ፊቷን አሸችላት። ከቤት ስትወጣ ግን ለሌላዋ ሴት ስታንሾካሹክ ሰማኋት፦ "ምች አይምሰልሽ። መሐላዋ ነው የያዛት።" በሁለተኛው ቀን ወሬው ካራን ሞላ። አቶ ወልደሰንበት በሱቃችን ደጅ ሲያልፉ ባርኔጣቸውን አንስተው ወደ ሰማይ አዩ፤ ፍርዱ ተሰጥቷል እንደማለት። ሱቃችን የሚመጣ ሰው ቀነሰ። እማዬ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መዋል ጀመረች። ሰው ፊት መብላት ተወች፤ እኔ ፊት እንኳ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ትጎርሳለች።

ፊታችንን የሚያንቀሳቅስ ነርቭ በጆሮ ሥር በጠባብ ቦታ እንደሚያልፍ፣ አንዳንዴም ሲያብጥ እንደዚያ እንደሚያደርግ፣ ሐኪሞችም ቢሆኑ ለምን ዛሬ ለምን እሷን የሚለውን ሁልጊዜ እንደማያውቁት ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው አንድ ነገር ነበር፤ አፌን ያጣመው ብላለች፣ አጣመመው።

ጤና ጣቢያ ክኒንና የዓይን ጠብታ ሰጧት፣ "ጊዜ ይወስዳል" አሏት። ጊዜ ግን አልነበራትም፤ የእድሩ ስብሰባ እየቀረበ ነው። በዚያ ፊት ተመልሳ ብትቆም ማንም እንደማይሰማት አውቃለች። አንዲት ደንበኛዋ "የካ ሚካኤል ያለችውን ቻይናዋን ለምን አትሞክሪም? የእህቴን ፊት በመርፌ ነው ያቃናችው" አለቻት።

በታክሲ ሄድን፤ ከወረድን በኋላ ዳገቱን በእግራችን ወጣን። ቻይናዋ ስለተባለ ቻይናዊት ነበር የጠበቅኩት። በሩን የከፈተችልን ግን ጠይም፣ ረጅም፣ ጥርሰ ፍንጭት የእኛው አገር ሴት ነበረች። ዶክተር ቀጸላ ትባላለች፤ ቻይና አገር ተምራ ስለመጣች ነው ስሙ የተለጠፈባት። ክፍሏ አሪቲ ሲጨስ የሚሸተውን ዓይነት ይሸታል። ግድግዳው ላይ ራቁቱን የቆመ ሰው ሥዕል አለ፤ ከራሱ እስከ እግር ጣቱ መስመር ተሰምሮበት፣ በየመስመሩ ላይ ጥቁር ነጥብ። ኃጢአቱ የተቆጠረበት ሰው መሰለኝ።

ዶክተሯ ሦስት ጣቶቿን የእማዬ አንጓ ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች። ብዙ ቆየች። በቆዳው ሥር የሚያንሾካሹክ ሰው ያለ ይመስል አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ከዚያ ሌላኛውን እጅ ያዘች።

"ምላስዎን ያውጡልኝ" አለች።

እማዬ አወጣች። ዶክተሯ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራት ምላሷን ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ ከዳር እስከ ዳር መረመረችው። የታመመው ፊቷ ነው፤ የምትመለከተው ግን ምላሷን ነው! ውሸቱን እየፈለገችው ነው አልኩ በልቤ። ታዲያ ምላስ ላይ ካልተገኘ የት ይገኛል?

"እንቅልፍ አለዎት?"

"የለኝም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከእሳቱ ጀምሮ።"

"ቁጣ አለ። ጉበትዎ ተቆጥቷል" አለች ዶክተሯ። "ክረምት ወጥቶ በጋ ሲገባ ነፋሱ ይለወጣል። የደከመ ሰው ካገኘ በአንገት በኩል ይገባል ይላሉ ያስተማሩኝ።"

"እኛም ነፋስ መታው ነው የምንለው" አለች እማዬ።

"እንግዲያው ተግባብተናል። ክኒኑን እንዳያቋርጡ፤ የእኔ በእሱ ላይ የሚጨመር ነው እንጂ በእሱ ፋንታ አይደለም። አድንዎታለሁ ብዬም አልምልም።"

አልምልም ስትል ሽምቅቅ አልኩ። ይቺ ሴት ሁሉን አውቃለች!

ከዚያ መርፌዎቹ ወጡ። ከፀጉር የቀጠኑ፣ ሲያዩዋቸው የሚጠፉ። አንዱን ከጆሮዋ ጀርባ፣ አንዱን ጉንጯ ላይ፣ አንዱን የከንፈሯ ጥግ ላይ፣ አንዱን ደግሞ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ሰካችባት። እማዬ ደም አልፈሰሳትም፤ ደም አለመፍሰሱ ይበልጥ አስፈራኝ። እጄን ቀሚሴ ውስጥ ደብቄ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። መርፌው እየሳበ ያወጣዋል፣ አሁን ትናገራለች፣ አሁን "ዋሽቻለሁ" ትላለች እያልኩ ከንፈሯን ከንፈሯን አያለሁ። ከማይጨፈነው ዓይኗ እንባ ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ።

"ውስጥዎ የያዙት ነገር አለ?" አለች ዶክተሯ በዝግታ።

"አለ።" እማዬ ጣራውን እያየች ነው። "የእኔ ግን አይደለም። የሰው ነው።"

"ለእኔ አይንገሩኝ። ግን የሰው ሸክም ከራስ ሸክም ይከብዳል፤ እንቅልፍ ይነሳል። በዚህ ወር በጊዜ ይተኙ፤ ትኩስ ትኩስ ይጠጡ፤ ብርድ ላይ ሳሉ አንገትዎን ይሸፍኑ። ወቅቱን እየሰሙ መኖር ነው።"

እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የሰው ነው! እንግዲያው እናቴ ውሸታም ብቻ አይደለችም፤ የሰው ነገር ይዛለች። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት በገባ ቁጥር የሚያሠቃየኝን ሳይነስ ይዤ ወደ ዶክተር ቀጸላ ሄጄ ነበር። ፀጉሯ ሸብቷል። የእኔንም ምላስ አየች። ያን ቀን ስለ እናቴ ምን እንዳሰብኩ ስነግራት መርፌውን አስቀምጣ እስክትደክም ሳቀች። "ምላስ የሚነግረኝ የሆድን ሙቀትና የሰውነትን ድካም ነው" አለችኝ። "ውሸትማ ቢታይበት ኖሮ ስንቱ ሰው በራፌ ላይ ይሰለፍ ነበር!"

ያኔ ግን የሚስቅ ሰው አልነበረም። ቤት እንደደረስን፣ እማዬ ስትተኛ ጠብቄ ጓዳ ገባሁ። "የሰው" የሆነውን ነገር ፈለግኩ። ከውሃው በርሜል ጀርባ በጨርቅ የተጠቀለለ ሰሃንና ጣሳ አገኘሁ። እኛ ሁለት ነን፤ የምንበላውም በአንድ ትሪ ነው። ይህ ሰሃን የማን ነው? ጠቅልዬ መለስኩትና ወጣሁ። ሌባ ነች፤ ሚካኤልም አውቋል።

ከዚያ በኋላ እስከ ስብሰባው ድረስ እናቴን ቀና ብዬ አላየሁም። እሷ በፊቷ አስቀያሚነት የተጸየፍኳት እንደመሰላት ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ቻይናዋ ጋ መመላለሷን አልተወችም። የስብሰባው ቀን ሲደርስ ዓይኗ በመጠኑ መጨፈን ጀምሯል፤ አፏ ግን ገና ጠማማ ነው። በረንዳው ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ሞልቷል። ኦቦ ቀነኒሳ ከስተው፣ ኮታቸው ሰፍቷቸው፣ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል።

አቶ ወልደሰንበት ብድግ አሉ። "እኔ ሌላ ምስክር አልጠራም። ሚካኤል ፊቷ ላይ ጽፎታል። ማንበብ የሚችል ያንብብ!"

ሰው አጉረመረመ።

"ቢሆንም" አሉ ቀጥለው፣ "ለእርግጠኝነቱ ልጇ ትጠየቅ። ሱቅ ውስጥ የነበረችው እሷ ናት። ልጅ ደግሞ አይዋሽም።"

እማዬ "ልጄን ተዉ" አለች፤ ቃሉ ተሰባብሮ ስለወጣ ጥቂቶች ሳቁ። አባ ጋሮማ ግን በእጃቸው ጠሩኝ። መሐል ገባሁ። የሰው እግር ብቻ ይታየኛል፤ በረባሶ፣ ቦቲ፣ ባዶ እግር።

"ስምሽ ማነው?"

"ለሊሴ።"

"ለሊሴ፣ አትፍሪ። በዚያ ምሽት ቀነኒሳን ቤታችሁ አይተሽዋል?"

አላየሁም ብል እውነት ነው፤ እናቴ ግን በሰፈሩ ፊት ታልቃለች። አየሁ ብል ነገ ጠዋት የእኔም ፊት ይረግባል፤ የእኔም ውሃ ደረቴ ላይ ይፈሳል፤ ትምህርት ቤት ልጆች ይሸሹኛል፣ እኔ እሷን እንደሸሸኋት። ወደ እማዬ ዞርኩ። ነጠላዋ ከራሷ ተንሸራትቷል። ያ ጠማማ ፊት በሰው ሁሉ መሐል ተገልጦ ቆሟል፤ ዓይኖቿ ግን እኔን ብቻ ያያሉ። ሌባም ትሁን ውሸታም፣ እናቴ ናት።

ከንፈሬን በእጄ ያዝኩ፤ ለመጨረሻ ጊዜ እንደምነካው ነገር።

"አየ…" ብዬ ጀመርኩ።

"አላየችም!" አለች እማዬ። መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። "አላየችም፤ እንዳታይ አድርጌያለሁ። ልጄን አታስዋሹብኝ። የምላችሁን ብያችኋለሁ። ካመናችሁ እመኑ፣ ካላመናችሁ እኔንም ከእሳቸው ጋር አስወስዱኝ።"

"ምን ይሠራ ነበር በይ!" ጮኹ አቶ ወልደሰንበት። "አንድ ቃል ናት! ምን ይሠራ ነበር?"

"አልናገርም!"

ያኔ ኦቦ ቀነኒሳ ከጥጉ ተነሡ። ወገባቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው።

"እበላ ነበር" አሉ።

ወደ መሐል ሁለት እርምጃ ገቡና ቀጠሉ።

"ከተባረርኩ ጀምሮ ቤቴ እሳት አይነድም። ዲንቄ አንድ ቀን መንገድ ላይ ስወድቅ አይታኝ፣ ለምን እንደወደቅኩ ገባት። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ በጓሮዋ አጥር ገብቼ እበላለሁ። ለሰው እንዳትነግሪ አልኳት፤ በልጄ ሞት አልናገርም አለችኝ። እሳት ሲባል እሷ በፊት በር ወጣች፣ እኔ በገባሁበት ወጣሁ። ሰው ከሚያየኝ ብዬ።" ወደ አቶ ወልደሰንበት ሳይሆን ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩ። "ይኸው ነው። አብልቻችሁ የማውቅ ሰው፣ በአጥር እየሾለክሁ የምበላ ሆኜ ነው። ቤቴ ነበርኩ ያልኳችሁም ለዚሁ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

አባ ጋሮማ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ብዙዎቹ ሽማግሌዎች በእኚህ ሰው አውድማ ላይ በልተዋል። አንደኛው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። አቶ ወልደሰንበት አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ አባ ጋሮማ ቀና ብለው ሲያዩዋቸው ተውት። ነገሩ እዚያው ተዘጋ። እሳቱ ከምን እንደተነሣ እስከ ዛሬ በእርግጥ የሚያውቅ የለም።

እኔ ወደ ቤት ስንሄድ እየዘለልኩ ነበር። እናቴ ሌባም ውሸታምም አይደለችም! ቤት ስንደርስ ግን እማዬ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ፊቷን ያዘች።

"አሸነፍሽ እኮ" አልኳት።

"ምኑን አሸነፍኩ?" አለች። "ገመናቸውን አደራ ብለው ሰጡኝ፤ በሰው ፊት ራቁታቸውን ቀሩ። ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? እኔ እችለው ነበር።"

ያን ምሽት ምግብ አቅርባ ጠበቀቻቸው፤ በጓሮ በኩል ማንም አልመጣም። ሽሮው ቀዘቀዘ።

ፊቷ በኋላ ተመልሷል። ኅዳር ሲያልቅ ከልብ ካልሳቀች በቀር የማይታወቅ ሆነ። መርፌው ነው፣ ክኒኑ ነው፣ እንቅልፍ መተኛቷ ነው፣ ዶክተር ቀጸላም ለይታ አልነገረችኝም። የምነግራችሁ ግን ፊቷ ገና ጠማማ ሳለ፣ ከስብሰባው በማግስቱ የሆነውን ነው።

እኩለ ቀን ላይ ትልቁን ትሪ አወጣች። እንጀራ ዘርግታ ሽሮ ፈሰስ አደረገችበት፤ መክደኛ አላለበሰችውም። ነጠላዋን አልተከናነበችም። "ውሃውን ያዢ" አለችኝ። በጓሮ ይሆናል ብዬ ወደዚያ ስዞር "በፊት ለፊት" አለች። በዋናው መንገድ፣ በተቃጠለው ማከማቻ ጎን፣ ሰው ሁሉ እያየን ሄድን። ኦቦ ቀነኒሳ በራፋቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩን ለመግባት ተነሡ።

"ምሳ አብረን እንብላ ብዬ ነው" አለች እማዬ።

"ተይ ዲንቄ። ሰው ያያል።"

"ይይ።"

መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ትሪውን መሐል አደረገች፤ ቀድማ ቆርሳ ጎረሰች። ሽሮው በግራ ከንፈሯ ጥግ ወጥቶ አገጯ ላይ ወረደ። አልጠረገችውም። እኔ ፊት እንኳ መብላት የተወች ሴት፣ በቀትር፣ በመንገድ ዳር፣ ፊቷን ለሰው ሰጥታ አላመጠች። ኦቦ ቀነኒሳ ቆመው ሲያዩዋት ቆዩ። ከዚያ ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡና እጃቸውን ወደ ትሪው ሰደዱ።

የማርያምወርቅ ከገበያ ስትመለስ በዚያው ስታልፍ አየችንና እርምጃዋን ቀነሰች። እማዬ ቀና አለች።

"እንብላ!" አለቻት።

የ"ብ" ድምፅ ከከንፈሯ አመለጠ፤ ቃሉ ግን ለሁላችንም ተሰማን። የማርያምወርቅ ዘንቢሏን እንደያዘች ቆመች። ፊቷ ቀላ። ለመሄድ አንድ እግሯን አነሣች፣ መለሰችው። ከዚያ ዘንቢሉን መሬት አስቀምጣ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ከትሪው አጠገብ ተንበረከከችና ሁለት እጆቿን ወደ እኔ ዘረጋች። ውሃ አፈሰስኩላት።